ከላስቲኩ ሥር የቀረው ዳማ

ኮምፕሬሰሬን የገዛኝ አንድ ዩጋንዳዊ ጎማ ጠጋኝ ነው። በዋጋ ተስማምተን ካበቃን በኋላ «ቆይ፣ አስነስቼ ላሳይህ» አልኩት። ሰውዬው አስቀድሞ አይቶታል፤ ማስነሳቱ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ነበር። ዕድሜ ልኬን «ምነው ይሄ ነገር አንዴ ዝም ባለልኝ» እያልኩ ስረግመው የኖርኩት ማሽን ያን ቀን ዝም ሲል እንደገና ላስነሳው እጄን ዘረጋሁ። ባጃጅ ላይ አስረው ወሰዱት። እኔም ወንበሬን አውጥቼ ጁባ፣ ጉምቦ ሰፈር፣ ከወንዙ ድልድይ የሚመጣው መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

ጡረታዬ ይሄው ነው። ማኅተም የለው፣ የስንብት ግብዣ የለው። ሐኪሙ የደረቴን ፎቶ ወደ ብርሃን አንስቶ «ሥራህ ምንድነው?» ሲለኝ «ቀለም እረጫለሁ» አልኩት። «ትረጭ ነበር» ብሎ አረመኝ። በዚያው አለቀ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራዬ መኪና ማየት ሆኗል። ሌላው ሰው መኪና ሲያልፍ ውስጥ የተቀመጠውን ያያል፤ እኔ በሩንና ኮፈኑን አያለሁ። ይሄ በችኮላ ተቀብቷል፣ ይሄ ስቱኮው ሳይደርቅ ተቀብቷል፣ ይሄኛውን ደግሞ ቀለም ቀቢ ሳይሆን ጠላቱ ነው የቀባው እላለሁ፣ ለራሴ። የገዛ ሥራዬን ግን ብፈልግ አላገኝም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሠራሁት ሁሉ እንዲላጥ የተሠራ ነው፤ ተረጭቶ፣ ደርቆ፣ ጊዜውን ጨርሶ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተልጦ የሚጣል የላስቲክ ቀለም። እጄ አመድ አፋሽ ነው እያልኩ እቀልድ ነበር። ከሁሉም አንድ ነገር ብቻ ጁባ ውስጥ ቀርቶልኛል፤ እሱም ያበላሸሁት ነው። ያንን ለማውራት ከጋሽ ዘውዴ መጀመር አለብኝ።

ጋሽ ዘውዴን ያገኘሁት አዲስ አበባ፣ መርካቶ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። የጋራዡ ባለቤት ሰዓት አክባሪ ነበር፤ የደመወዝ ቀን ሲደርስ ብቻ ሰዓቱ ይቆምበታል። እኔ ያን ጊዜ የተጨማደደ ላሜራ ቀጥቃጭ ነበርኩ። አንድ ቀን ጋሽ ዘውዴ መዳፌን ይዞ እያገላበጠ አየና «ይሄ እጅ መዶሻ አይገባውም» አለ። በዚያው ቀለም ክፍል ገባሁ፤ አለቃችንንም ያስፈቀደ ሰው አልነበረም።

ሊረጭ ሲል ሸሚዙን ገልብጦ ይለብሳል። «የመንገዱ አቧራ ገላዬ ላይ ይራገፍ እንጂ መኪናው ላይ አይራገፍ» ይል ነበር። መሬቱን ውኃ ያርከፈክፋል። ከዚያ መዳፉ ላይ ስስ ጨርቅ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ላሜራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳስሳል፤ ዓይን ያለፈውን ጉብታ በጨርቅ በኩል እጅ ያገኘዋል። ቀለም ሲቀይጥ ካርቶን ላይ አይሞክርም። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ጠብ ያደርግና ፀሐይ ላይ ይወጣል፣ ጥላ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ እንኳ ያ ጥፍር የሳምንቱን መኪና ቀለም እንደያዘ ነው። ለጸሎት እጁን ሲዘረጋ አንድ ቀን ቢጫ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ አየዋለሁ።

ሕጉ ደግሞ አንዲት ቃል ነበረች፦ ስስ። ስስ አድርገህ እርጭ፣ ይድረቅ፣ ድገም። ቀለም ወፍሮ ሲንጠባጠብ «አለቀሰ» ይላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ የቸኮለ ቀቢ ደግሞ መኪና ያስለቅሳል።» ይቺን ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እኔ ነኝ የማውቀው። ሰልችታኝ ነበር። ግን ገባችኝ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ሳይሆን ክንዴ ውስጥ ገባች፣ ከዚያም አልወጣ አለች።

ወደ ጁባ የቀደመው እሱ ነው። ስልክ ደውሎ «ሙሌ፣ እዚህ መኪናው ሞልቷል፤ የሌለው ቀቢ ነው፤ አቧራውን ከቻልከው ና» አለኝ። መጣሁ። መጀመሪያ የሠራነው ከወንዙ ወደብ አለፍ ብሎ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። የጭነት ጀልባ የሚያራግፉ ልጆች ጆንያ ተሸክመው ሲያልፉ አቧራው ይነሳል፤ ጋሽ ዘውዴ መርጫውን አንስቶ ይጠብቃል። እነሱም ስለለመዱት «ያ ሀበሺ፣ ኸላስ!» ብለው አለፍን ይሉታል። ቀጥሎ ሆቴል ያላት አንዲት የአገራችን ሴት ጓሮዋን አከራየችን። የቲነሩ ሽታ ወጡ ውስጥ ገባ ብላ አስወጣችን፤ እውነቷን ነው፣ እኔም ቀምሼዋለሁ። በመጨረሻ ድልድዩን ተሻግረን ጉምቦ ግቢ አገኘንና በዚያው ቀረን።

ማሉዋል የመጣው ጉምቦ ነው። ረጅም፣ ግንባሩ ላይ የዲንካ ጎሣ ጠባሳ ያለበት ሽማግሌ ነበር። አንድ አሮጌ ፒክአፕ እየነዳ ገባ፤ ወርዶ ኮፈኑን በመዳፉ ጠበጠበና «ሎን ታ ቶር ታይ» አለ። የበሬዬን ቀለም ቀቡልኝ ማለቱ ነው። እኔ ሳቄ መጣ። ጋሽ ዘውዴ ግን የገበሬ ልጅ ነው፤ ኮስተር ብሎ ወንበር አቀረበለት። ሽማግሌው በስደት ዘመን ኢትዮጵያ ኖሯል፣ አማርኛም ይሞክራል።

«በሬው ምን ዓይነት ነው?» አለው ጋሽ ዘውዴ። «ቡሬ ነው? ዳልቻ ነው? ጉራቻ ነው?»

«ቀይ። ቀይ ግን ቀይ አይደለም።»

«ዳማ ነዋ!»

«ዳማ» አለ ሽማግሌው፣ ቃሉን ቀምሶ። ተስማማው።

እንደ ባህላቸው አንድ ጎረምሳ ሰው ሲሆን በሬ ይሰጠዋል፣ በበሬውም ቀለም ይጠራል። የዚህ ሰው በሬ ዳማ ስለነበረ ስሙ በቋንቋቸው ማሉዋል ሆነ። በጦርነቱ ጊዜ ሸሽቶ ሲሰደድ በሬውን ትቶት ሄደ። ተመልሶ አላገኘውም። አርጅቶ መኪና ሲገዛ ያ በሬ ትዝ አለው፤ ነገሩ ይሄ ብቻ ነው። ጋሽ ዘውዴ ከእሱ ጋር ከብት ገበያ ሲመላለስ ሰነበተ። የቀባውን ጥፍሩን የሰው ከብት ቆዳ ላይ ያስጠጋል፤ ማሉዋል አንገቱን ይነቀንቃል፤ ይመለሳሉ። ጥቁር ጠብታ ይጨመራል፣ ቢጫ ጠብታ ይጨመራል። አንድ ቀን ግን ማሉዋል ጥፍሩን አየ፤ አንገቱን አልነቀነቀም። ከዚያ የጋሽ ዘውዴን አውራ ጣት በሁለት እጁ ያዘ።

ቀለሙን ስስ፣ ስስ እያደረግን ደራረብነው፤ በላዩ ክሊር የምንለውን አንጸባራቂ ሽፋን ረጨን። መኪናው ሲወጣ ማሉዋል ምስጋና አልተናገረም። መኪናው ፊት ቆመና ሁለት እጁን እንደ ቀንድ ወደ ላይ ዘርግቶ፣ እየተራመደ ዘፈነለት። ለበሬያቸው እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ጋሽ ዘውዴ ገልብጦ የለበሰው ሸሚዙ ላይ እጁን እየጠረገ «ሙሌ» አለኝ፣ «ስንት መኪና ቀባሁ፤ የተዘፈነለት ይሄ ነው።»

የመጨረሻ ሥራው ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ሳሉ ጠናበት፤ ለሕክምና አዲስ አበባ ገባና እዚያው አረፈ። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። የሰማሁት በስልክ ነው፣ መርጫውን እንደያዝኩ። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ላስቲኩን ያመጡብኝ ሀጂ ነስሩ ናቸው። ሀጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ መለዋወጫ ይሸጣሉ፣ አዲስ ነገር ሲያዩ ደግሞ ሳያስመጡ አይተኙም። አንድ ቀን ጣሳ ተሸክመው ግቢዬ ገቡና «ሙሉጌታ፣ መኪና ልብስ የሚለብስበት ዘመን መጣ» አሉኝ። ጣሳውን ከፍቼ በእንጨት ባማስለው እንደ ገንፎ ይጎተታል።

«ሀጂ፣ ይሄ ቀለም ነው ወይስ ጓንት?»

«ወላሂ፣ ሁለቱም ነው! ትረጨዋለህ፣ ይደርቃል፣ ሲሰለችህ ትልጠዋለህ። የበፊቱ ቀለም ሥር እንደተቀመጠ ይጠብቅሃል።»

ስቱኮ የለ፣ ብርጭቆ ወረቀት የለ። ማጠብ፣ ቅባቱን ማስለቀቅ፣ መርጨት ብቻ። መጀመሪያ እንደ ጭጋግ ነፋ አድርገህ ታስይዘዋለህ፣ በላዩ ትደርባለህ። ዳር ዳሩን የከለልክበትን የወረቀት ፕላስተር የመጨረሻው ንብርብር ሳይደርቅ ካላነሳህ ላስቲኩን ይዞት ይነሳል። ቤንዚን አይወድም፤ ነዳጅ ቀጂው ካንጠባጠበበት እንደ ማስቲካ ይልመጠመጣል። ይሄን ይሄን ቶሎ ተማርኩ። ጣሳው ላይ ግን ወፈር አድርጋችሁ ደጋግማችሁ እርጩ የሚል ተጽፎ ነበር። እሱን አላመንኩትም። ጣሳ ከጋሽ ዘውዴ ይበልጣል እንዴ? በቲነር አቅጥኜ፣ ስስ አድርጌ ረጨሁት።

አማረ! እንደ ላስቲክ ሳይሆን እንደ ቀለም ተኛ። ስሜ ወጣ። ሙሽራ ያመጣሉ፤ ነጩን መኪና ለሠርጉ ወርቃማ አደርገዋለሁ፣ ከሠርጉ በኋላ ይላጣል። አንዱ የሞተር ሳይክል ነጂ የራስ ቁሩን እንደ ነብር አድርግልኝ አለኝ፣ አደረግኩለት፤ ደንበኞቹ ፈርተው ሸሹትና ተመልሶ መጣ። የሆቴል ባለቤቷ እንኳ፣ ያቺ ያባረረችን፣ ማቀዝቀዣዋን ቀይ አስደረገችኝ። ሁሉም ቶሎ ስለሚላጥ፣ ላስቲኩም ገና ለስላሳ ስለሆነ፣ እዚህም እዚያም ቢቆራረጥ አልከፋኝም። የሥራዬ ደስ የሚል ዘመን ያ ነበር፤ ሰው እየሳቀ መጥቶ እየሳቀ ይሄዳል።

አቾል የመጣችው በዚያ ወቅት ነው። የማሉዋል ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የሚፈጥን። አባቷ ደክሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ረጃፍ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው የሚኖረው፤ ፒክአፑን ለእሷ ሰጥቷታል።

«ጋሽ ሙሌ፣ መኪናውን ለአንድ ድርጅት ላከራይ ነበር፤ ነጭ ካልሆነ አንወስድም አሉኝ። እዚህ አገር ለቢሮ ሥራ ሁሉም ነጭ ነው የሚፈልገው። አባዬን ሳናግረው ሁለት ቀን አኮረፈኝ።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«"ልብስ አልብሱት። ቆዳውን ግን እንዳትነኩት" አለ። አንተ ትችላለህ ብዬ ማልኩለት።»

እኔም ደረቴን መትቼ ቃል ገባሁ። አንድ በጋ ብቻ ነው ተባለ። የጋሽ ዘውዴን ዳማ አጠብኩት፣ ቅባቱን አስለቀቅኩ፣ ነጩን ላስቲክ ስስ ስስ አድርጌ ደራረብኩበት። የጎን መርገጫው ላይ ብቻ እጄ ከብዶ አንድ ቦታ አለቀሰብኝ፤ ጎንበስ ካላሉ አይታይም ብዬ ተውኩት። ሲያልቅ ሀጂ ነስሩ ዞረው ዞረው አዩና «ይሄን ላስቲክ ነው የሚል ይማልልኝ» አሉ። እንዲህ ያለ ሙገሳ የዋህ ያደርጋል።

አንድ በጋ የተባለው ኪራይ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ። መኪናው በጁባ ፀሐይ ሲጠበስ ከረመ። ከዚያ አቾል ደወለች። ታናሽ ወንድሟ ሊያገባ ነው፤ የጥሎሹ ከብት ለሙሽሪት ቤተሰብ የሚነዳበት ቀን ተቆርጧል። አባቷ ከአልጋ የሚነሳው በሰው ድጋፍ ነው፣ ግን በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ ብሏል። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ በሬው ልብሱን አውልቆ፣ ከእሱ ጋር ከብቱን እንዲሸኝ። «ሌላ ሠርግ አያይም፣ ጋሽ ሙሌ» አለችኝ። «እሱም ያውቀዋል።»

መኪናውን አመጣችው። የኮፈኑን ጫፍ በጥፍሬ አነሳሁና ሳብኩ። የጥፍሬን ያህል ተቆርሶ እጄ ላይ ቀረ። ሌላ ቦታ ሞከርኩ። ያው ነው፤ ደርቆ፣ ላሜራው ላይ ተጣብቆ፣ እንደ አሮጌ ግድግዳ ኖራ እየተፈረፈረ። ሀጂን ጠራኋቸው። እሳቸውም በጥፍራቸው ሞከሩ፣ ፊታቸው ተቀየረ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ፣ «ላስቲክ ሦስተኛ መሆኑን ያወቅሁት ዛሬ ነው።» ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

በዚህ ሁኔታ የጥፍር ሥራ ወር ይፈጃል። ያኔ ነው ቤንዚኑ ትዝ ያለኝ። ላስቲክ ቤንዚን አይወድም፤ እንግዲያው በጨርቅ ነክሬ ባስለቅቀውስ? የሾፌሩ በር ላይ ጀመርኩ። ለቀቀ! ደስ አለኝና ሌላ ቦታ ስፈትግ የራሰውን ጨርቅ በሩ ላይ ለጥፌው ቆየሁ፤ ፀሐዩም ሲያበስለው ቆየ። ጨርቁን ሳነሳ ላስቲኩ ብቻ አልነበረም የተነሳው። የጋሽ ዘውዴ ክሊር አብሮ ለስልሶ ተነሥቷል። ዳማው አለ፣ ግን ብርሃኑ የለም፤ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ዓይኑ እንደጠፋ ሰው ደብዝዞ አፈጠጠብኝ። በስንት ሺህ አቧራ መካከል እየተጠነቀቀ የቀባው፣ ለቀለሙ የተዘፈነለት ሰው የመጨረሻ ሥራ ነው። ጨርቁን ወረወርኩና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅ።

ለአቾል ወዲያው ደወልኩላት። መጥታ በሩን አየች።

«ጋሼ፣ አባዬን ምን ብዬ ልንገረው? እኔ እኮ ነኝ የማልኩት!»

«በሩን ሙሉ ክሊር ልደግመው እችላለሁ። ግን በዚህ አቧራ፣ በዚህ ጥድፊያ፣ ከሠርጉ በፊት አይደርስም። ብሞክረው ይብሳል።»

«የቀረውስ?»

 አንገቴን ደፋሁ። አንገቴን ስደፋ ዓይኔ የጎን መርገጫው ላይ አረፈ፤ ያ ያለቀሰብኝ ቦታ። ላስቲኩ እዚያ ወፍሮ እንደ ሻማ እንባ ተንጠልጥሏል። ዝም ብዬ ጫፉን ያዝ አድርጌ ሳብኩት። ምንም ሳይቆረጥ፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ ረዝሞ መጣ። ሥሩ ዳማው እንደ መስታወት ያበራል።

ያን ጊዜ ገባኝ። የላስቲኩ ጥፋት አይደለም፣ የፀሐዩም አይደለም። ስስ ነው የገደለኝ። ላስቲክ ሥጋ ከሌለው ሲጎትቱት የሚይዘው የለውም። ጋሽ ዘውዴ ልክ ነበር፣ ለቀለም። ይሄ ግን ቀለም አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ ቀለም ያደረግኩት።

ሀጂ ሱቅ ሮጥኩ። «ያለዎትን ላስቲክ በሙሉ» አልኳቸው።

«ነጩ አልቋል። ያለው ትርፍራፊ ነው፤ አረንጓዴ አለ፣ ብርቱካናማ አለ፣ ሰማያዊም ሳይኖር አይቀርም።»

«ያገኙትን ያውጡ፤ አዲሱ አሮጌውን ይይዘዋል፣ አንድ ላይ ይላጣሉ። ቀለሙ አይታይ፣ ውፍረቱ ነው የሚያስፈልገኝ።»

ግቢዬ ተመልሼ በሕይወቴ ረጭቼ በማላውቀው መንገድ ረጨሁ። ሳላቀጥን፣ አጥግቤ፣ መኪናው እስኪያለቅስ ድረስ። ክንዴ እንቢ አለኝ፤ ስንት ዓመት የለመደው ስስ መርጨት ነው። «ይቅር በለኝ ጋሽዬ» እያልኩ ደረብኩበት። ኮፈኑ አረንጓዴ፣ ጎኑ ብርቱካናማ፣ ኋላው ሰማያዊ ሆነ። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ይቆማል። አቾል ስትመጣ አፏን በእጇ ያዘች። «ዳማውን ቡሬ አደረግከው እኮ!» አለች፤ ከተናደደች ወዲህ መጀመሪያ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል የኮፈኑን ጠርዝ ያዝን። ቀስ ብለን ወደ ላይ ሳብን። ላስቲኩ ጠረረረ እያለ ተነሣ፤ አረንጓዴው ከላይ፣ ነጩ ከሥሩ፣ አንድ ወጥ ሆነው፣ እንደ አጎዛ። ሥራቸው የጋሽ ዘውዴ ዳማ ወጣ። የከብት ገበያውን፣ ጥፍሩን፣ ሽታውን ሁሉ ይዞ ወጣ። ምንም አልሆነም። ያኔ ያን ያህል ፀሐይ መኪናው ላይ ሲወርድ ላስቲኩ ከልሎለት ነበር፤ ማሉዋል እንደተረከበበት ቀን ነው። ሥራውን ዳግመኛ ያየሁት ያን ዕለት ነው፣ እሱን ያየሁ ያህል። አቾልም ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ደግሞ ትስባለች።

በሩ ላይ ያለው ግን እንዳለ አለ።

ረጃፍ አብሬያት ሄድኩ። ጥፋቴን በእሷ አፍ ልልክ አልፈለግኩም። ከብቱ ተሰብስቧል፣ ዘመድ ሞልቷል። ማሉዋልን በወንበር አውጥተው ዛፍ ሥር አስቀምጠውታል፤ ያ ረጅም ሰው ከስቶ እንደ ሸምበቆ ሆኗል። መኪናውን ሲያይ እንዲያነሱት ጠየቀ። አቾልና ወንድሟ ደግፈውት ኮፈኑን በመዳፉ እያሻሸ መጣ። ጎኑን እያሻሸ መጣ። የሾፌሩ በር ላይ ሲደርስ መዳፉ ቆመ።

«ቆዳውን ነካችሁት» አለ።

«እኔ ነኝ ያባ» አልኩ፣ አባባ እንደማለት። «ልጅህ ጥፋት የለባትም። እጄ ነው ያበላሸው።»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ያኛው ሀበሺስ? ባለ ጥፍሩ? ኡዎ ዌኑ?»

የት ነው ማለቱ ነው። አለመስማቱን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። «አረፈ፣ ያባ። ይሄ የመጨረሻ ሥራው ነበር።»

ፊቱን ወደ በሩ መለሰ። ለልጁ በቋንቋቸው አንድ ነገር አላት፤ እሷም ለከብቱ ኩበት ወደሚጨስበት ሄዳ በቅል አመድ ይዛ መጣች።  በእኛ ዘንድ አመድ የውርደት ነው፤ ፊቴ ላይ ሊበትነው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ይገባኛልም ብያለሁ።

ስገልጥ ማሉዋል አመዱን በመዳፉ አፍሶ መኪናውን ያሻል። የከብታቸውን ቆዳ ከዝንብ ለመጠበቅና ለማሳመር በአመድ የሚያሹት ነገር አለ፤ በዓይኔ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ትዝ አላለኝም። ኮፈኑ ላይ ያሸዋል፣ ክሊሩ አንሸራትቶ ያራግፈዋል። ጎኑ ላይ ያሸዋል፣ ይራገፋል። በሩ ላይ፣ ያ የደበዘዘው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን አመዱ ያዘ። ገባ፣ ተኛ፣ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌው መዳፉን አንስቶ አየውና ጥርስ በሌለው ድዱ ሳቀ።

«አየህ?» አለኝ በአማርኛ፤ ወደ ኮፈኑ እየጠቆመ «ያ ቀለም ነው» አለ፣ ወደ በሩ እየጠቆመ «ይሄ ቆዳ ነው።»

«ከሠርጉ በኋላ ላድሰው፣ ያባ።»

«ኸሊ ኡዎ» አለ። ተወው። «ለዚያኛው ሀበሺ ያ አለው። ይሄ ያንተ ነው።»

ከዚያ ሊዘፍንለት ፈለገ። ቀኝ እጁን እንደ ቀንድ ወደ ላይ አነሣ። ግራው አልነሣ አለው፤ አቾል ክርኑን ከሥር ይዛ ደግፋ አነሣችለት። ድምፁ ከሹክሹክታ አይበልጥም ነበር፣ ግን ጎረምሶቹ ሁሉ ከብቱን አቁመው ሰሙት።

ማሉዋል ያረፈው ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ በዚህኛው ደርሻለሁ። መኪናውን ዛሬ ወንድ ልጁ ይነዳዋል። በሩን በነፃ ላድስላችሁ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው፣ አቾል አይሆንም አለችኝ፤ እኔም ከልቤ አልለመንኩ ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ከድልድዩ በኩል ከመኪናዎች መካከል ዳማው መጣ። ጎማው ቀይ አቧራ ያስነሣል። ልጁ አይቶኝ ጥሩምባ ነፋ፤ እኔ ግን እንደ ልማዴ በሩን ነበር የማየው። ልጁ እንደ አባቱ ጠዋት የቀባው አመድ ነበረበት። ከወንበሬ ተነሣሁ።